እኔ ካላማዳሪያ አይደለሁም

ጥቅምት 7

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገሩን ዘረገፈችው። የልጅ ልጄ ዋና ልትማር ነው። ዋና... ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፣ እንኳን ቢዋኙበት።

ትንፋሿ አጭር ነው ተብሎ ነው። መቼም አይዋሽም፣ ታለከልካለች። አባሮሽ ሲጫወቱ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። ልጆቹ «አሮጊቷ» የሚል ስም አውጥተውላታል። በዘጠኝ ዓመቷ። ከትናንት ወዲያ ትራሷን ነክሳ ስታለቅስ ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ጤነኛ ነው፣ ያጣው ሥራ ነው አለ አሉ። ልብና ሳንባም እንደ ክንድ ናቸው፣ ሲሠሩ ይጠነክራሉ፣ ለዚያ ደግሞ ዋና ጥሩ ነው። ድንቄም ሐኪም። እኔን መተንፈስ ማን አስተማረኝ? ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ ስነፋ የኖርኩ ጎሚስታ ነኝ። ስለ አየር ለእኔ ይነገራል?

አንተ ነህ የምትወስዳት አለች ልጄ። አልወስድም አልኩ። ትንሿ ቀና ብላ አየችኝ... እሺ አልኩ።

ጥቅምት 11

አየሁት ገንዳቸውን። ሰማያዊ የተቀባ ጉድጓድ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እናቶች ተደርድረው ስልክ ይጎረጉራሉ። አሰልጣኝ የተባለው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ቀጫጫ ነው፣ በቁምጣ ሰው ያስተምራል። ፊሽካው ብዬዋለሁ። ልጆቹን ጠርዝ አስይዞ እግራቸውን ያስወራጫል። ሲረግጡ ዋሉ፣ የትም አልሄዱ።

ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። በፎጣ ጠቀለልኳት። ደስ ይላል አባባ አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ውሸታም።

ጥቅምት 18

የዛሬውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይላል...

ፊሽካው ልጆቹን ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ አላቸው። የእኔዋ ጎንበስ ከማለቷ አረፋ። ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ። እኔ አረፋ አውቃለሁ። ከጎማ ውስጥ ያወጣኸውን ካላማዳሪያ ነፍተህ ውሃ ውስጥ ስትከተው አረፋ ካወጣ ተበስቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ሳንባዋ አልኩ። ከነጫማዬ ሮጬ ክንዷን ይዤ መንጭቄ አወጣኋት።

«ይቺ ልጅ አየር እያፈሰሰች ነው፣ አታይም እንዴ አንተ?»

ገንዳው ሁሉ ሳቀ። ስልክ ጎርጓሪዎቹም። ፊሽካው ግን አልሳቀም፣ የሱ ባሰ። ረጋ ብሎ ልክ ለሕፃን እንደሚያስረዳ፣

«አባት፣ አስወጪ ያልኳት እኔ ነኝ። አሮጌውን አየር ካላወጣች አዲሱ የት ይገባል?»

መልስ ሳጣ መሄድ ልማዴ ነው። ፎጣዋን አንስቼ፣ እሷን ይዤ ውልቅ። ሁለተኛ እዚህ አንረግጥም አልኩ። ደጃፋችን ስንደርስ ዞር አለችና፣

«አባባ፣ እኔ ካላማዳሪያ አይደለሁም» አለችኝ።

ጥቅምት 19

ልጄ አኮረፈች። ትንሿም አኮረፈች። ሁለት ኩርፊያ በአንድ ጣሪያ። ባለቤቴ ብትኖር ሦስት ይሆኑ ነበር።

ጥቅምት 21

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስጠብቃት ልጆቹን ሰማኋቸው። አሮጊቷን አያቷ እንደ እቃ ጎትቶ አወጣት ይባባላሉ። ንፍጣቸውን ያልጠረጉ። እሷ መሬት መሬቱን እያየች መጣች። በፊት ስድቧ አንድ ነበር፣ አሁን እኔም ተጨመርኩበት...

ይዣት ሄድኩ፣ ወደ ገንዳው። ፊሽካውን ሰላም አላልኩም። እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበር አስመጣልኝ። አስመሳይ። ተቀመጥኩ።

ኅዳር 30

ጠርዙን ለቃለች። ከዳር እስከ ዳር ትመጣለች፣ መሃል ላይ ውሃ ትጠጣለች፣ ትስላለች፣ ትቀጥላለች። ሲወጡ ፊሽካው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያስደርጋቸዋል። የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፣ ስለዚህ አይቸኩልም፣ ቶሎ ይረጋል እያለ ይቀባጥራል። ማን ጠየቀው?

መጣችና የእኔን እጅ ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገች። ድሮ እንደተያዘች ወፍ ነበር የሚርገበገበው። ዛሬ ድም ድም አለ... ከዚያ ረጋ። እጄን መለስኩ። ብርድ ይመታሻል ልበሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 12

ጸጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። ቆራጩ ወሬ አያልቅበትም። ሰማሁ፣ ልጅቷን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋታለህ አሉ፣ ልብስ ናት እንዴ ብሎ አሾፈብኝ። አንተ ስለ ሳንባ ምን ታውቃለህ አልኩት። የለመደ ልብ አይቸኩልም፣ አሮጌ አየር ካልወጣ አዲስ አይገባም ብዬ አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኩትም። ለመሃይም ምንጭ አይነገርም።

ጥር 9

በትምህርት ቤቱ አጥር ሽንቁር አየኋት። አባሮሽ ላይ ናቸው። ቁጭ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ... አልተቀመጠችም። «አሮጊቷ» ብለው ከሰየሟት አንዱ፣ ድቡልቡል ልጅ ነው ጉልበቱን ይዞ የቆመው። ጠብቂኝ እንጂ እያለ ይጣራል። በስሟ ጠራት። እናትና አባቷ አውጥተው በሰጧት በገዛ ስሟ።

ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ይሄ አጥር መቼም አይጠረግም።

መጋቢት 3

ወደ ትልልቆቹ ክፍል አዛወሯት። ከዛሬ ጀምሮ ከጓደኞቼ ጋር ነው የምሄደው አለች። ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብል ቀድማ አንግታዋለች። ዳገቱን እየሮጡ ወጡት፣ ደግሞ እያወሩ። እኔ እስከ መታጠፊያው ተከተልኩና ቆምኩ። ደክሞኝ አይደለም። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው።

ቤት ገባሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ። ዘጋሁት። ተገላገልኩ... ከዚያ ሽታ፣ ከሴቶቹ ወሬ፣ ከፊሽካው ስብከት። ድሮስ ውሃ የሚረግጥ ልጅ ለማየት ማን ጊዜ አለው?

ነገ ዝናብ ይጥላል አሉ። ዣንጥላ ይዤ የገንዳው በር ጋ ብቅ ማለቴ አይቀርም። ለዝናቡ ነው።