የኤርሙፖሊው ደብተርህ

ተስፍሽ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ፦ የኤርሙፖሊ ደብተርህ ተሰርቋል፤ የሰረቀውም የክርስትና ልጅህ ናትናኤል ነው። ሌላው ወሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ንዴቴ ገና ትኩስ ስለነበረ ነው፤ በንዴት የጻፍኩትን ደግሞ አርሜ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ። አሁን እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ልቆምበት እችላለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ሎሚ ያለፈውን በጋ አልቻለውም፤ ነቅዬ ቦታውን በጠጠር ሞላሁት። የአልጋውን ያንተን ወገን አሁንም አልተኛበትም። የወጥ ቤቱን ሰዓት አልነካሁትም፤ አንተ እንዳስተካከልከው በአገራችን አቆጣጠር ይሄዳል፤ ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ይላል። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ቲቸር፣ ሰዓትሽ ተበላሽቷል» ይለኛል። አልተበላሸም፣ ባለቤቱ ነው የሌለው እላለሁ።

ያን ደብተር እንዴት እንደጻፍከው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ተራህን እየጠበቅህ፣ መሪው ላይ አስደግፈህ፣ አንድ ገጽ በሳምንት። ካዚኖ ደጃፍ የግሪክ አስመስለው ያቆሟቸውን የጂፕሰም አምዶች ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ጭነህ በዋልክ ቁጥር እየሳቅህ ትገባ ነበር፤ «እኔ የረገጥኩትን እብነ በረድ ቢያዩ!» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። የአሜሪካ ወረቀትህን ስትጠብቅ ሦስት ዓመት በግሪኳ ሲሮስ ደሴት፣ በኤርሙፖሊ ወደብ የመርከብ ዝገት ፍቀሃል። አደባባዩ በእብነ በረድ መነጠፉን፣ የመርከብ አዛዦች ቤቶች በባሕሩ አፋፍ መደርደራቸውን፣ ከሁለቱ ኮረብቶች አንዱ የካቶሊክ ሌላው የኦርቶዶክስ መሆኑን ሁሉ አስፍረሃል። ከተማዋን የቆረቆሯት በጦርነት ከሌሎች ደሴቶች የተሰደዱ ሰዎች እንደሆኑ፣ የግሪክ ትልቁ ወደብ እስከ መሆን እንደደረሰች፣ ሌላው ወደብ ፒሬየስ ሲያድግ እሷ እንደቀዘቀዘች፣ ዛሬ መርከቡ ከዝገቱ ይልቅ ቱሪስት ይዞላት እንደሚመጣ ጽፈሃል። በመጀመሪያው ገጽ ያለችው ግን አከራይህ ኪርያ ካቲና ናት፦ «ይህን ከተማ የሠራው ስደተኛ ነው፤ አንተም ቁጭ በል» ብላ ወንበር የሳበችልህ።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት አብረን ሄድን። አንተ እያስታወስክ፣ እኔ እየቆጠርኩ። በኮረብታው ጫፍ እስካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩ አልገጠመልኝም፤ ሦስተኛ ወጣሁ። አንተ ከታች ሉኩሚ የሚሉትን ባለ ስኳር ዱቄት ጣፋጭ እየበላህ ጢምህ ነጭ ሆኖ ጠበቅከኝ። በበሩ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ የምትከፈትበትን ሰዓት አይተን ነበር፤ ጠዋት ትከፈታለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትዘጋለች። አንተ በእኛ አቆጣጠር «ከ3 እስከ 6» ብለህ ጻፍክ። «ከጠዋቱ የሚለውን ጨምርበት» አልኩህ። «ማን ይሳሳታል?» አልከኝ።

ናትናኤል ይሳሳታል።

በአርባህ ዕለት ነው የወሰደው። ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጥቶ ሲሰናበተኝ አጠገቤ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ አይ ፕሮሚስ፣ ስካን አድርጌ ነገ እመልስልሻለሁ» አለኝ። «አንቺ» ሲለኝ እዚህ ተወልዶ ነው ብዬ አለፍኩት። ያችን ነገ እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ባለፈው ወር በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አንድ መጽሐፍ አስመረቀ። ባለ ቀለም ሽፋን፣ የኤርሙፖሊ ፎቶ፣ ከሥሩ «ጽሑፍና ዝግጅት፦ ናትናኤል»። ለካ ሃያ ሁለት ምእመናን ሰብስቦ ለነሐሴ ወደዚያው ሊወስዳቸው ነው። ሰው አጨበጨበ። እኔም አንድ ቅጂ ወሰድኩና ቤት ገብቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ።

ልጁ ሲገለብጥ እንኳ አላነበበም። በገጽ ዘጠኝ ላይ «በክረምት የመርከብ ዝገት ስፍቅ ጣቶቼ ይሰነጠቁ ነበር» ይላል፤ ያኔ እናቱና አባቱ ገና አልተዋወቁም። በገጽ አሥራ አራት ላይ «ከባለቤቴ ጋር ደረጃውን ወጣን» ይላል። ያቺ ባለቤት እኔ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር የጻፍካቸውን ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር እንዳሉ ስለተዋቸው ከተማዋ በሰባትና በስምንት ዓመት አርጅታለች። በገጽ አሥራ ሰባት ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗን ሰዓት እንዲህ አድርጎ ጽፎታል፦ «ከቀኑ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት»።

ገባህ? ያንተን ሦስት ሰዓት የፈረንጅ ሦስት ሰዓት አድርጎታል። በነሐሴ የከሰዓት ፀሐይ ሃያ ሁለት ሰው ያንን ሁሉ ደረጃ አስወጥቶ ከተቆለፈ በር ፊት ሊያቆማቸው ነው።

ለብቻው ጥሪው ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደወልኩለት። የደብተሩን ነገር ሳነሳበት፣ «ቲቸር፣ ጋሼ ተስፍሽ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር። ለኮሚኒቲው እኮ ነው!» አለኝ። ስምህስ የት አለ ስለው፣ መጨረሻ ገጽ ላይ «ቤተሰቦቼንና ወዳጆቼን አመሰግናለሁ» የሚለው አንተንም ይጨምራል አለ። አንድ ዕድል ሰጠሁት፤ ተማሪ ከመጣሌ በፊት ሁልጊዜ እሰጥ እንደነበረው። «ሰዓቶቹን አረጋግጠሃል?» አልኩት። «ሁሉንም ዳብል ቼክ አድርጌያለሁ፤ ዶንት ወሪ» አለ።

ስሕተቱን ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ። አልዋሽህም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በዝምታዬ ተደሰትኩ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዤ ሰዓትህ ሥር ቁጭ እልና ያን የተዘጋ በር አስባለሁ፤ ናቲ ላብ በላብ ሆኖ ሲያንኳኳ፣ ሕዝቡ ከኋላው ሲያጉረመርም። ከሞትህ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

ይህን ያበላሸችብኝ እትዬ አስካለ ናት። ማክሰኞ ከሎን ማውንቴን ሰፈር ድረስ በልጇ መኪና መጥታ ለጉዞው ያዘጋጀችውን ሻንጣ ልታሳየኝ ገባች። በሕመምህ ጊዜ ዘጠኝ ሳምንት እግርህን ያጠበችው አስካለ። ጧፏን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። «ጉልበትሽስ?» አልኳት። «ጉልበቴማ ሞቷል፤ ቀብሩ ነው የቀረው» ብላ ሳቀች። «ግን ስለት አለብኝ፤ እየዳህኩም ቢሆን እወጣታለሁ። ተስፍሽ እኮ ነው ስለዚያች ቤተ ክርስቲያን የነገረኝ። ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ሰዓት እንደምትከፈት ሳይቀር ጽፎልናል፤ ይባረክ!»

ይባረክ አለችው፣ በእኔ ወጥ ቤት፣ በአንተ ሰዓት ሥር። አሚን ማለት አቃተኝ።

ስለዚህ በቀሌን አልተውኩትም፤ ቦታውን ብቻ ከሲሮስ ወደዚህ አዛወርኩት። አርባ ሰባት ስሕተት አርሜያለሁ። ሽፋኑ ላይ ስሙን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዤ ያንተን ከነአባትህ ጽፌያለሁ። ሃያ ሁለት ቅጂ አባዝቼ በየተጓዡ ስም ፖስታ ውስጥ ከትቻለሁ። ቅዳሜ፣ ከጉዞው በፊት ለጸሎት ሲሰበሰቡ፣ ለእያንዳንዱ በእጁ እሰጣለሁ። ከዚያ ናትናኤልን ከፊት አቆመዋለሁ። ገጽ አሥራ አራትን ጮክ ብሎ ያነባል። «ከባለቤቴ ጋር» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመዋለሁና፣ በዚያ በምታውቀው ድምፄ፣ «የትኛዋ ባለቤትህ?» እለዋለሁ። መልሱን እጠብቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁና፣ ረጅም ጊዜ መጠበቅ እችላለሁ።

አስካለ ቤተ ክርስቲያኗን በሯ ክፍት ሆኖ ታገኛታለች። እሱ ደግሞ በዚህ ከተማ እስካለ ድረስ ያችን ጥያቄ ይሰማታል። እኔም በሕይወት እስካለሁ ስምህን ከዚያ ደብተር ማንም አይፍቀውም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ።

አንተ ሆደ ባሻ አልነበርክም፤ «ተይው፣ ልጅ ነው» ትል እንደነበር ይገባኛል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ተስፍሽ። ቢሆንም ደብተሩ ያንተ ስለሆነ ሳልጠይቅህ አላደርገውም። ተይው የምትለኝ ከሆነ ሳትዘገይ፣ ከዓርብ በፊት፣ በሕልሜም ቢሆን መጥተህ መልስልኝ። በቤታችን ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠር እንደነበር አትርሳ፤ ቶሎ መልስልኝ።