ያስመዘገብኩት እንግዳ

ዳሃቦ፣

ከመጋላ ገበያ ስትመለሺ የእንግዳውን ክፍል አትክፈቺ፤ ደሙን አላጠብኩትም።

ቀትር ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ያመጣሽውን ሰውዬ በሰደፍ ጥርሱን አርግፈው ወሰዱት። "ማን አመጣህ?" እያሉ ሲረግጡት ስምሽን አልጠራም።

የጅቡቲ ባቡር ያመለጠው መንገደኛ ነው ብለሽኝ ነበር። እኔም የአልጋ ማከራያ ፈቃዳችን እንዳይነጠቅ ብዬ፣ እንደ ደንቡ ስሙን ቀበሌ አስመዘገብኩ።

ከኪሱ የወደቀውን፣ ከእናትሽ ጋር የተነሳችሁትን ፎቶ ሳይ ነው ወንድምሽ መሆኑ የገባኝ።

ምነው ወንድሜ ነው፣ ይፈልጉታል ብለሽ ብትነግሪኝ? ቢገድሉኝ አላስመዘግበውም ነበር። ይይልሽ!

ፎቶውን የበርበሬው ጣሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ከዚህ ወረቀት ጋር አቃጥዪው።

"ያመጣሁት እኔ ነኝ" ብያቸዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ቀበሌ ቅረቢ ስላሉኝ ሄድኩ።

ቢጠይቁሽ አታውቂውም። እኔን እንደዋሸሽኝ እነሱንም ዋሺያቸው።

ሰርካዲስ