የማይተረተር ስፌት

ሚያዝያ 12፣ ኢስታራቭሻን

ኒጎራ ታጨች።

ለተከበሩ የኒጎራ አባት፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ደህና ነን። እናትዎም ደህና ናቸው። ትናንት የጎረቤት ፍየል በከዘራ እስከ መስጊዱ ድረስ አሳደው ሲመለሱ ትንፋሽ እንኳ አላጠራቸውም።

ይህን በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ስንነጋገር ድምፅዎን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ደግሞ ዝቅ ላለ ድምፅ ብዙ ነገር መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍኩ። የአውቶቡሱ ሾፌር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። የካተሪንቡርግ ሲደርስ ደብዳቤውን ከአንድ ጥቅል ጋር ይሰጥዎታል። ስለ ጥቅሉ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ አይፍቱት።

ልጁ ባህሮም ይባላል፤ ከቢላ ሠሪዎቹ ሰፈር ነው፤ ከአባቱ ጋር ይሠራል። እጁ ላይ ሦስት ጠባሳ አለ። ኒጎራ ስቆጥር አይታኝ «እማ፣ የሰው እጅ ምን ያስቆጥርሻል?» አለችኝ። «ጠባሳ የሌለው ቢላ ሠሪ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ውሸታም» አልኳት። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ያሳደጉት የአባቱ እህት፣ አክስት ሳዮራ ናቸው። ስለዚህ የወንዱ ወገን ማለት እሳቸው ናቸው፤ እሺ ካሉ እሺ ነው፣ እምቢ ካሉም እምቢ ነው። ባላቸው በሕይወት አሉ፤ አምስት ወንዶች ልጆች ወልደው አንዱም አልራቃቸውም። ይህንን ማንም እንዲረሳ አይፈቅዱም።

ለሥራ ወደ የካተሪንቡርግ ከሄዱ ስድስት ዓመት ስለሆነዎት የአገሩን ወግ ረስተው እንዳይሆን ላስታውስዎ። የሙሽራ ብርድ ልብስ የመጀመሪያውን ስፌት የምትሰፋው ቤቷ ያልጎደለ ሴት ናት፤ ባሏ አብሯት የሚኖር። የዚህን ከተማ ሙሽሮች ግማሹን ያለበስኩ እኔ ነኝ፤ ካገር የሄዱ ጊዜ ግን መጀመሩን ተውኩ። ሹክሪያ ከማዶ ግቢ ትመጣለች፣ ሦስት ጊዜ በእጅ መርፌ ትወጋዋለች፣ «ባሌ እኮ የሚጠቅመኝ ለዚህ ብቻ ነው» ትልና ቁርሷን በልታ ትሄዳለች። ሌላው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው።

ኒጎራ ግን «የእኔን አንቺ ካልጀመርሽው በባዶ ምንጣፍ እተኛለሁ» አለች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ያውቃሉ። እሺ አልኳት። ባል የለኝም ወይ? አለኝ። የጋብቻ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አለ።

የጨርቅ መቁረጫው ቀን ባለፈው ሐሙስ ነበር። ሃያ ያህል ሴቶች ግቢውን ሞሉት። ቀዩን ሳቲን ዘርግተን ከረሜላ በተንንበት፣ ቆረጥነው፣ ከጥጡ ጋር ደረብነው። የስፌት ማሽኑን ከወይኑ ጥላ ሥር አውጥቼ ነበር። ጨርቁን የሚስቡትን ጥርሶች ዝቅ አድርጌ ለአበባ አዘጋጅቼዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ማሽኑ ጨርቁን አይመራም፣ የሚመራው የሰው እጅ ነው፤ መርፌው እንደ እርሳስ የፈለጉትን ይስላል። መሀሉ ላይ የቱሊፕ አበባ አስቤ ነበር። በመጋቢት ኮረብታው ላይ ወጥቼ አንድ ቱሊፕ ፊት ለፊት ተቀምጬ ውዬ፣ ቀዩ ከሥሩ እንዴት እንደሚጠቁር አይቼ፣ ለአንድ የአበባ ቅጠል አምስት ዓይነት ቀይ ክር መርጬ ነበር። ነጩን የመጀመሪያ ክር አስገብቼ ልጀምር ስል ከጀርባዬ ድምፅ መጣ።

«ተነሺ የኔ እናት» አሉ አክስት ሳዮራ። «አበባውን አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ እጅሽን የሚያህል እጅ የለም። የመጀመሪያዋን ግን ቤቷ የሞላ ሴት ትጀምራት።»

ኒጎራ አፏን ልትከፍት ስትል እናትዎ በከዘራቸው ቁርጭምጭሚቷን መታ አደረጓት። እኔ ተነሳሁ። ከፍቶኛል ብለው እንዳያስቡ፤ ለመከፋት ጊዜ አልነበረኝም። የማስበው ስለ ሞተሩ ነበር።

ሞተሩን ያስታውሱታል። ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ አውጥተው፣ «ከእንግዲህ እግርሽ አይደክምም» ብለው የገጠሙልኝ። እግሬ አልደከመም፤ እውነት ነው። ግን ያ ሞተር ስፌት ማሽን ላይ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቀም፤ አሁንም ልብስ የሚያጥብ ይመስለዋል። እኔ መርገጫውን በእግሬ አውራ ጣት ጫፍ ብቻ ነው የምነካው። ያንን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል።

«አክስቴ፣ በእጅ መርፌ ቢጀምሩት ይሻላል» አልኳቸው።

«ለምን? ማሽን የማላውቅ መሰለሽ? አንቺ ሳትወለጂ ሰፍቻለሁ!»

«ይሄኛው ትንሽ ይፈጥናል።»

«እኔም እፈጥናለሁ» አሉና ተቀመጡ፤ ቢስሚላህ ብለውም በሙሉ እግራቸው ረገጡት።

እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ማሽኑ ጮኸ፣ እሳቸውም ጮኹ። ጨርቁን እንደመልቀቅ ጭራሽ ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ እጃቸው ወደሸሸበት መርፌው ተከተላቸው። ወደ ግራ ሮጠ፣ ተጠማዘዘ፣ ሦስት ቀለበት ሠራ፣ ወደ ማእዘኑ ወረደ፣ ተመልሶ መጣ። «አቁሚው! አቁሚው!» ይላሉ፣ እግራቸውን ግን አያነሱም። ሹክሪያ ሮጣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

ማሽኑ ቆመ። ቀዩ ሳቲን መሀል ላይ፣ የሰካራም ዱካ የመሰለ ነጭ መስመር ሁለት ክንድ ያህል ተንከራትቶ ተኝቷል። እኔ መቀሱን አነሳሁ።

«እንዳትነኪው!» አሉ እናትዎ። «የመጀመሪያ ስፌት አይተረተርም። የተረተረች ትዳር ትተረትራለች።»

ይህንንም ሳያስታውሱት አይቀሩም። ጨርቁን መለወጥም አይቻልም፤ ከረሜላው የተበተነበት፣ ዱዓ የተደረገበት እሱ ነው።

ከበሩ አጠገብ አንዷ «ገዱ አያምርም» አለች። አክስት ሳዮራ ፊታቸው እንደ ጥጡ ነጣ፤ ተነሥተው ሻርፓቸውን መፈለግ ጀመሩ። «እኔ አይደለሁም» አሉ። «የእኔ እጅ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የጎደለው ቤቱ ነው። ለወንድሜ እነግረዋለሁ። ነገሩ ትንሽ ቢቆይ ይሻላል።»

ቢቆይ ይሻላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔና እርስዎ እናውቃለን። ኒጎራም ገባት።

መስመሩን አየሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ክር ስመራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ መስመር የት መሄድ እንደሚፈልግ ራሱ ይነግራል፤ አስቀድሞ ያሰቡትን ከረሱ ይታያል። ቱሊፑን ረሳሁት። ቱሊፕ ቀጥ ብሎ የሚቆም አበባ ነው፤ ይሄ ግን የሚሳብ፣ የሚጠመዘዝ፣ ያገኘውን የሚጨብጥ ነገር ነበር። ቀና ስል በግቢያችን ግድግዳ ላይ ያምናው ደረቅ ሐረግ እስካሁን ተንጠልጥሏል።

«ይቀመጡ አክስት ሳዮራ» አልኩ። «ምን እንደጀመሩ ሳያዩ አይሄዱም።»

ገመዱን ሰካሁ፣ አረንጓዴ ክር አስገባሁ። በነጩ መስመር ግራና ቀኝ ወረድኩበት፤ ነጩ በመሀሉ እንደ ብርሃን ቀረ። ሦስቱ ቀለበቶች ሐረጉ የሚይዝባቸው ጅማቶች ሆኑ። ቅጠሎቹን ሰፋፊ አድርጌ ጠርዛቸው ላይ ያቺን የምትዋጋ ጸጉር በግራጫ ክር ነቀስኩ። ከዚያ ቢጫውን አመጣሁ። አራት ቢጫ ነበረኝ፤ ከሎሚ ጀምሬ በእንቁላል አስኳል በኩል አድርጌ ጉሮሮው ላይ ብርቱካናማ አደረስኩት። አምስት ጫፍ ያለው፣ አፉን የከፈተ ትልቅ አበባ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተጠጉ መጡ። አክስት ሳዮራ ሻርፓቸው በእጃቸው እንደተንጠለጠለ ከጀርባዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«ወይ ጉድ!» አለች ሹክሪያ። «ዱባ ነው!»

«ዱባ?» አሉ አክስት ሳዮራ። «በሙሽራ አልጋ ላይ ዱባ?»

«ምን አለው?» አሉ እናትዎ። «አንዱን ዱባ ሰንጥቀሽ ዘሩን ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? እስቲ ቱሊፕ ስንት ይወልዳል?»

አክስት ሳዮራ አሰቡበት። አምስት ወንዶች የወለዱ ሴት ናቸው፣ ይህ ዓይነት ነገር ይገባቸዋል። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ እንኳ ስጀምረው ዱባ እንደሚሆን ታውቆኝ ነበር» አሉ። «እግሬን ያላነሳሁት ለዚያ ነው።»

ሹክሪያ አፏን በሻርፗ ይዛ ወደ ኩሽና ሮጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ በሰላም ባለቀ ነበር። ግን እናትዎ እናትዎ ናቸው። አበባውን በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ «የዱባ ጠባዩ አንድ ነው» አሉ። «ሥሩ እዚህ፣ ፍሬው ከአጥር ማዶ።»

ሃያ ሴት በአንድ ጊዜ ስኒዋን ማየት ጀመረች። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ሹክሪያ ከኩሽና ይመስለኛል። ቀጥሎ እኔ ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፣ የኒጎራ አባት። ይህንን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የምነግርዎ። አክስት ሳዮራም ሳቁ፤ ሲሳቅ ደግሞ ማንም ለመሄድ ሻርፑን አይፈልግም። ማታ ሲሄዱ ኒጎራን ሁለት ጉንጯን ስመው «ልጄ» አሏት።

አሁን ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዱባ ነው። አክስት ሳዮራ «ሥዕሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። አራት ሙሽሮች ዱባ አዝዘዋል፤ አንዷ እናት እንዲያውም «አክስት ሳዮራ ራሳቸው ይጀምሩልን፣ በሙሉ እግር!» ብላ መጣች። ማክሰኞ መጥተው ጀመሩላት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚረግጡት። እኔ ደግሞ ከእያንዳንዱ ብትን መስመር ሐረግ ፈልጌ ማውጣት ሆነ ሥራዬ። ከዋና ከተማም አንዲት ሴት መጥታ «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብርድ ልብስ ሥሪልኝ» አለችኝ። «ግድግዳ ይበርደዋል እንዴ?» አልኳት። ሳቀች፣ አድራሻዋን ትታልኝ ሄደች። እያሰብኩበት ነው።

ሰርጉ ግንቦት 2 ነው። ሙሽራ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ዱዓ የሚያደርግላት አባቷ ነው። ከመጡ ኮትዎ ተጠርጎ በቦታው ተሰቅሏል፤ በልጅዎ ራስ ላይ እጅዎን ጭነው፣ በልተው ጠጥተው፣ ወደሚመለሱበት ይመለሳሉ። ማንም ምንም አይጠይቅዎትም፤ እናትዎን አስምያቸዋለሁ። ካልመጡ ወንድምዎ ይቆማሉ። ለኒጎራ ግን ወንድምዎ ይበቃሉ ብዬ አልዋሽዎትም።

አሁን ጥቅሉን ይፍቱት።

ትንሽ ብርድ ልብስ ናት፤ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። በጥር ስንነጋገር ከኋላዎ የሚያለቅሰው ቴሌቪዥን ነው ብለውኝ ነበር። ቴሌቪዥን እንዲያ ተርቦ አያለቅስም። እዚያ ደግሞ በሚያዝያም በረዶ አለ ይላሉ። ጥጡ አዲስ ነው፣ ሁለት ጊዜ አፍታትቼዋለሁ። አበባው አንድ ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ያዩታል። ጨርቁን ስዘረጋ እናትዎን «ይህንን ማን ይጀምረው?» አልኳቸው። የማን ነው ብለው አልጠየቁም። ልኩን በስንዝራቸው ለክተው «የልጅ ሌላ ነው፤ ወልዳ ያሳደገች እጅ ይበቃዋል። አንቺው ጀምሪው» አሉኝ። ጀመርኩት። ከስድስት ዓመት ወዲህ እኔ የጀመርኩት የመጀመሪያው ነው።

በሙቅ ውሃ እንዳይታጠብ፣ ቀዩ ይለቃል። ለምታጥበው ይንገሯት።

አላህ እጅዎን ከውርጭ፣ ወገብዎን ከሸክም ይጠብቅልኝ። በዚያ ጣሪያ ሥር ያለውን ሁሉ፣ ትንሽም ትልቅም፣ ይጠብቅ። ደጃችን ለእርስዎ ዱዓ ክፍት ይሁን።

የኒጎራ እናት
ሳኖባር

ሹክሪያ ከበር ላይ «አንቺ ሴትዮ፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነሳ!» እያለች ነው። እናትዎም ከጓዳ «ያን የማጠቢያ ሞተር መጥቶ ያስተካክል በይው» ይላሉ፤ ብያለሁ። የኒጎራ የመጨረሻዋ አበባ መርፌው ሥር በግማሽ ቀርታለች፤ ቢጫው ክር አልቆ ወደ ገበያ ልወጣ ስል ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ጥቅሉን ብብቴ ሥር ይዣለሁ፣ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ወደ አውቶቡሱ፣ ከዚያ ወደ ክሩ