የቶሎሳ ካሜራ በእኔ እጅ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ዛሬም በዚያችው ቁጥር ተጣላን። ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል ይለኛል። ሲያንስ እንዴት ይሰፋል? የሒሳብ መምህርት ነኝ፣ አይዋጥልኝም። ቶሎሳ እንደ ተማሪ አስደገመኝ። ትንሽ ቁጥር፣ ሰፊ ቀዳዳ፣ ብዙ ብርሃን፣ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። በቃ ተቀበዪው አለኝ። ተቀበልሁ።

ጠዋት ት/ቤት፣ ከሰዓት ፎቶ ቤት። ኑሮዬ እንዲህ ሆኗል። ማስታወሻዬ፣ ለማንም ያላወራሁትን ላንቺ ልጻፈው። የባለቤቴ የቶሎሳ ዓይን እየጠፋ ነው። ስኳሩ ዓይኑን ያዘው። ግራው ጨርሷል። ቀኙ ጭጋግ ነው። ሮቤ ውስጥ እሱ ያላነሳው ሙሽራ የለም፣ ባለፈው ግን አንድ ሰው የመታወቂያ ፎቶውን ይዞ ተመልሶ መጣ። ፊቱ አይለይም። ቶሎሳ ማሽኑ ነው ብሎ ሸኘው። ሰውየው እንደወጣ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ አንገቴ ላይ አደረገው።

ከባድ ነው። ካሜራው ማለቴ ነው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

የዛሬው ትምህርት ፍጥነት። በሩ ላይ ቆመን መንገዱን አነሳሁ። ባጃጅ ስታልፍ፣ የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ። መጀመሪያ ሁሉም ጭስ። የፈረሱ እግር ጭስ፣ ባለጋሪው ጭስ። ፍጥነቱን ጨምሪ አለኝ። ጨመርሁ፣ ጨለመ። ቀዳዳውን ክፈቺ። ከፈትሁ። ከዚያ ፈረሱ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ! ጮህሁ። መንገደኛው ዞሮ አየኝ። ቶሎሳም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወዲያው አንዲት ደንበኛ መጣች፣ አካም ቶሌ ብላ ሰላም አለችው። በሌላ ሴት ስም መለሰላት። ቀልድ መስሏት ሳቀችና ሄደች። እሱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀመጠ። ሻይ ወሰድሁለት። ቀዘቀዘ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ። ጎባ

ሆስፒታል ነበርን። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ ደግም ነው፣ ነገር አያድበሰብስም። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የነገሩንን ደገመው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም። ስኳሩን ጠብቁ አለ። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ብዙ ነበር። ቶሎሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ዓይኔ ለጥር ሠርግ ይደርሳል ወይ አለ። ዶ/ሩ የዘመድ ሠርግ መሰለው። ገሰራ ከተማ የተዋዋልነው ሠርግ አለብን። የሙሽራዋ አባት ኦቦ ገመቹ ታላቅ ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ ያነሳው ቶሎሳ ነው፣ ለታናሿም ሌላ ሰው አንፈልግም ብለዋል። ዶ/ሩ ቃል ልገባልህ አልችልም አለው።

ስንወጣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁ ሴቶች ነበሩ። ቶሎሳ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ በይ አንሺያቸው፣ መጀመሪያ ግን አስፈቅጂ፣ ከዚያ ወደ ጥላው አዙሪያቸው፣ ፀሐይ ከላይ ስትሆን የዓይናቸው ጉድጓድ ይጠቁራል አለኝ። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጠየቅኋቸው። ወሎዬነቴ ወዲያው ታወቀ፣ ሳቁብኝ። ሲስቁ አነሳኋቸው። ከካሜራው ጀርባ እያለቀስሁ እንደነበር አላዩም። ለካ ካሜራ ይህም ጥቅም አለው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የደሎ መናውን አውቶቡስ ተሳፍረን ሳነቴ ተራራ ላይ ወረድን። ሐሳቡ የእሱ ነው። ጉም ውስጥ ብርሃን መለካት ተማሪ አለኝ። ሰበብ ነው፣ ገብቶኛል። ቦታውን ሳይጨልምበት ሊያየው ነው።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ወጣች። ክንዱን ያዝሁ፣ ያቻት አልሁት። አየኋት፣ እንዴት ታምራለች አለ። እሱ የሚያየው ወደ ግራ ነው። ቀበሮዋ በቀኝ ናት።

ዝም ብዬ አነሳሁ። ትንፋሼን ያዝሁ፣ ክርኔን ደረቴ ላይ አስደገፍሁ፣ ዓይኗ ላይ ፎከስ አደረግሁ፣ እንዳስተማረኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ፎቶ። ፂሟ ላይ ያለው ጤዛ ይቆጠራል። ካሜራውን ሰጠሁት። ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ዘንበል አድርጎ፣ ረጅም ሰዓት ተመለከተው። በጣም ጥሩ ነው ወይኒ አለኝ።

ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን የሚያጠፋው ነገር። ጥቁር መስታወት ነው ያየው።

አመሰግናለሁ አልሁት።

ጥር 2፣ ዓርብ

ተጨቃጨቅን። ለኦቦ ገመቹ እንንገራቸው፣ ሌላ ፎቶ አንሺ ይፈልጉ አልሁ። አይሆንም አለ። እሱ አሮጌውን ካሜራ ይይዛል፣ ከፊት ይቆማል፣ የሚያነሳ ይመስላል። እኔ ረዳት መስዬ በእውነተኛው አነሳለሁ። ሰው እሱን ያያል፣ ፎቶው የኔ ይሆናል። ማታለል ነው አልሁት። እንጀራ ነው አለኝ።

ከዚያ ለስለስ ብሎ የሠርጉን ነገር በተራ ነገረኝ። ድንኳን ውስጥ ስትገቢ አይ.ኤስ.ኦውን፣ ብርሃን የሚስበውን ቁጥር፣ ከፍ አድርጊው፣ ፎቶው ትንሽ አሸዋ ቢነሰነስበትም ከሚጨልም ይሻላል። አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ፣ ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም። ያ አይደገምም። ሰማይ ቢወድቅ ካሜራውን እንዳታወርጂ።

እሺ አልሁ።

ጥር 19፣ ሰኞ

ትናንት ገሰራ።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ቶሎሳ በደስታ ድምፅ ሰውን ያሰልፋል፣ ያስቃል፣ አሮጌውን ካሜራ ያጮኻል። እኔ ከጎኑ። ማንም አልነቃም። ከቀትር በኋላ ሙሽራዋ ሲፈን ልትሰናበት አባቷ እግር ስር ተንበረከከች። ቶሎሳ ቦታ ሊለቅልኝ ወደ ሙሽራዋ ጀርባ ዞረ። የድንኳኑ ገመድ እግሩን ያዘው። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ወደቀ፣ ሳህኑ፣ ወጡ፣ ሁሉም በላዩ።

ከዚያ አንድ ድምፅ፣ «መጫኤራ!»

ሰክሯል ማለት ነው። ይህን ኦሮምኛ አውቀዋለሁ። ቤቱ የጴንጤ ቤት ነው፣ መጠጥ በግቢው አልዞረም። ከየት ጠጥቶ መጣ ተባባሉ። ቶሎሳ ተነሳ። እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። «ይቅርታ አባቶቼ» አለ፣ «ስመጣ ትንሽ ቀምሼ ነው።» አውቆ ተንገዳገደ! ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው ከአጥር ውጭ አወጡት።

እኔስ? እኔ አነሳሁ። ሲፈን ጉልበት ላይ፣ የአባቷ እጅ ራሷ ላይ። አላወረድሁም። ባሌ እንደ ሌባ ሲጎተት ፎከስ አስተካክዬ አነሳሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለምን አልሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ። «ሰካራምን ነገም ይጠሩታል ወይኒ። ዕውር ፎቶ አንሺ ማን ይጠራል?»

ከዚያ ጉልበቱን አነሳሽው ወይ አለኝ። አነሳሁት አልሁ። ጎበዝ አለኝ። ምነው ባይለኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ወሬው ሮቤ ደርሷል። የየካቲቱ ሠርግ ባለቤቶች ደውለው ሌላ ሰው አግኝተናል አሉ። እንግዲህ ሰካራምንም አይጠሩትም።

ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። ስለ መጠጥ መከሩት። አንገቱን ደፍቶ አዎ አባቶቼ፣ እተዋለሁ አባቶቼ ይላል። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው! እጃቸውን ጭነው ከመጠጥ መንፈስ እንዲፈታ ጸለዩለት። ጓዳ ሆኜ ከንፈሬን ነከስሁ። ልወጣ ነበር። ልናገር ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ፊቱን አየሁት። ልክ እኔ እንደምወጣ እንዳወቀ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ። ወደ ሌላ በኩል ነበር የዘረጋው። ተመለስሁ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የገሰራውን ፎቶ በላፕቶፕ እያስተካከልሁ ነው። ብርሃኑን ማንሳት፣ ጠርዙን መቁረጥ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ንገሪኝ ይላል። አንድ በአንድ ነገርሁት። እሱም ይህን አውጪው፣ ያን ተዪው ይላል። በጆሮው ያርማል። ደስ የሚል ከሰዓት ነበር፣ እዚያች ፎቶ ላይ እስክንደርስ።

ዝም ስል ገባው። «እኔ አለሁበት?» አለ። አለህ አልሁት። ንገሪኝ አለ። ላጠፋው ነው አልሁ። መጀመሪያ ንገሪኝ አለ።

ነገርሁት። ሲፈን ከፊት ናት፣ ከኋላዋ አንተ መሬት ላይ ነህ። ወጥ በትከሻህ ላይ። ካሜራውን እንዳይሰበር ወደ ላይ ይዘኸዋል። ሰዎቹ ያዩሃል፣ አንተ ማንንም አታይም።

ፊቴስ አለ።

ልዋሽ አሰብሁ። ፈርተሃል አልሁት።

ጣቱ ጠረጴዛውን ይዳብሳል። «ሰካራም አይፈራም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እንደ ልጅ አይደለም፣ እንደ ሽማግሌ፣ ያለ ድምፅ። አቀፍሁት። አልበሙን ራሴ ነኝ የማደርሰው አለኝ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ገሰራ ሄድን። ኦቦ ገመቹ በደንብ ተቀበሉን ማለት አልችልም። ተቀመጡ አሉን፣ ውኃ አስቀረቡልን፣ በቃ። ቶሎሳ አልተቀመጠም። ቆሞ በኦሮምኛ ተናገረ። «ኢጂ ኮ ሂን አርጉ።» ዓይኔ አያይም። ከዚያ ሁሉንም። ስኳሩን፣ አሮጌውን ካሜራ፣ ገመዱን። አልጠጣሁም አለ።

ይራሩልናል ብዬ ነበር። ተቆጡ። የልጄን ሠርግ በማያይ ሰው እና በተማሪ ተጫወታችሁበት አሉ። እውነታቸውን ነው። ቶሎሳ አልተከራከረም። ፎቶዎቹን ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት፣ ይዩና ካልወደዱት ይፍረዱ አለ። አልበሙን ዘረጋሁላቸው።

በቁጣ ነበር የሚገልጡት። ጉልበት የምትስምበት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እንባ በጉንጫቸው ላይ አለ፣ ፎቶው ላይ። ያን ቀን ሲያለቅሱ ማንም አላየም፣ ሁሉም የወደቀውን ነበር የሚያየው። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ቆይተው ተነሱና ቶሎሳን ራሱን ይዘው ሳሙት። «ልጄ፣ ከቤቴ እንደ ውሻ አስወጣሁህ» አሉት።

ልንሄድ ስንል በር ላይ አስቆሙን። ወንድማቸው አዲስ አበባ ነው፣ በጉልምስናው ዓይኑ ጠፍቶበት ነበር። በዱላ መሄድ፣ በጣት ማንበብ የሚያስተምሩበት ቦታ ገብቶ፣ አሁን ብቻውን ይወጣል ይገባል። ስልክ ቁጥሩን ሰጡን።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አሁን ሁሉም ያውቃል። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ጎረቤት ይመጣል፣ ከንፈር ይመጥጣል፣ ይሄዳል። እነዚያ ሽማግሌዎችም ተመልሰው መጡ፣ አፍረው። አንዷ ሴት እሱ ፊት ለእኔ፣ አይ ያንቺ ነገር፣ በዚህ ዕድሜሽ አለች። ሰምቷል።

ሲወጡ ስልኩን አምጪው አለኝ። የኦቦ ገመቹን ወንድም አነጋገረ። ሳቁም ነበር። ስልኩን ዘግቶ፣ ትምህርቱ ወራት ይፈጃል፣ እዚያው ነው የሚታደረው አለኝ። ብቻዬን ልቀር ነው። ሂድ አልሁት። አትሂድ ማለት ፈልጌ ነበር፣ ማስታወሻዬ። ሂድ ብዬ ጓዳ ገብቼ በፎጣ አፌን አፈንሁ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጠዋት ሸኘሁት። መናኸሪያው ጫጫታ፣ ረዳቱ ይጣራል። የአውቶቡሱ በር ላይ ቆመና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሰው ፊት፣ አድርጎት የማያውቀውን። ወደ ፀሐይ ዙሪ አለኝ። ዞርሁ። ፊቴን ታየዋለህ ወይ አልሁት። ጥላሽን አለኝ። ተሳፈረና ተቀመጠ። መስኮቱ የእኔ በኩል አልነበረም።

ከሰዓት። ት/ቤት የጠዋቱን ፈረቃ እንዳይቀይሩብኝ ጠይቄያለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ፎቶ ቤቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ልዘጋው አስቤ ነበር። አልዘጋውም። አንድ አባት ለመታወቂያ መጡና ቶሎሳ የት አለ አሉኝ። ዓይኑ ጠፍቶ ሊማር አዲስ አበባ ሄዷል፣ ከእንግዲህ የማነሳው እኔ ነኝ አልኋቸው። ድምፄ አልተሰበረም። ትንሽ አመነቱ። እግዜር ይርዳው ብለው ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። አገጫቸውን ቀና አስደረግኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ ጥርት ብሏል። ደውዬ ልነግረው ነው፣ አሁን ሻሸመኔ ሳይደርሱ አልቀረም። ምን ብዬ እንደም...

ሰው መጣ።