ሁለት አውሮፕላን በአንድ ሜዳ

ሰኞ

የሆነውን ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ካሳደርኩት ራሴን መሸንገል እጀምራለሁ።

አራት ሰዓት ገደማ ሁለት አውሮፕላን በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አንዱ አንበጣ ላይ መድኃኒት የሚረጨው የካፒቴን ዳንኤል ነው። ሌላው ለሊበን ገጠር ክትባት የሚያመላልሰው የካፒቴን ዮሴፍ። የነገሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ የመቆጣጠሪያ ማማ የለውም። ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ እኔ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ማን የት እንዳለ እናገራለሁ እንጂ ማንንም የማዘዝ ሥልጣን የለኝም።

ዳንኤል "ላርፍ ነው" አለኝ። ዮሴፍን "ከሱ ቀጥሎ አንተ ነህ" አልኩት። በዚህ መሀል ከብቶች ማኮብኮቢያው ላይ ወጡ። ዘበኛው ፈቃድ ላይ ነውና ከብት ማባረሩም የኔ ሥራ ሆኗል። እንደ ልማዴ ሬዲዮውን ትቼ ነጠላዬን እያውለበለብኩ ሮጥኩ። ዳንኤልም እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ በላያቸው አለፈ፤ እዚህ የለመደ ፓይለት ሁሉ ከብት የሚበትነው እንደዚያ ነው። "ዞሬ እመጣለሁ" ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል። ለማን? ለባዶ ወንበር። ዮሴፍ ያን ጊዜ በሌላ መስመር ከመሥሪያ ቤቱ ጋር እያወራ ነበር። ዳንኤል ዝቅ ሲል ከሩቅ አየው፣ ያረፈ መሰለውና መውረድ ጀመረ።

ዳንኤል በቀኝ ዞሮ፣ ዮሴፍ በግራ ዞሮ፣ ወደ ሜዳው ጫፍ ሲታጠፉ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አንዱ ሽቅብ ተነሳ፣ አንዱ ቁልቁል ሰመጠ። በመካከላቸው አንድ አይሱዙ የሚያልፍ አይመስለኝም። ከላሞቹ መሀል ቆሜ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ!

የሜዳው ኃላፊ አቶ ፍስሐ "ሰው አልተጎዳ፣ ብረት አልተነካ፣ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?" አሉኝ። የሪፖርቴ የመጀመሪያ መስመር "ሬዲዮው ላይ አልነበርኩም" የሚል ነው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "በገዛ እጅሽ ከሥራ ልትወጪ ነው" አሉ። ይሁን። ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ ላክሁት።

ዓርብ ሦስት አውሮፕላን ይመጣል። ሦስት! እስከዚያ ይህ ነገር መስተካከል አለበት።

ማክሰኞ

ሁለቱን ፓይለቶች ምሳ ላይ ያዝኳቸው። ለምን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ?

ዳንኤል በግራ ከዞረ ጦር ሰፈሩ ላይ ይሆናል፤ እዚያ ላይ መብረር ክልክል ነው። ዮሴፍ የሚቀመጠው በግራ ወንበር ስለሆነ በግራ ካልዞረ ሜዳው አይታየውም። ሰፈሩ ላይ ላለመድረስ አጥብቦ ይዞራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ግን እንደ ሕፃን "እሱ ይቀይር" ይላሉ።

ዳንኤል "ሰማዩ ሰፊ ነው፣ አትጨነቂ" አለኝ። ደሜ ፈላ። "ሰማዩ ይስፋ፤ የምታርፉበት ሜዳ ግን አንድ ነው" አልኩት። ዮሴፍ ሹካውን አስቀመጠ። ትናንት ማታ ሚስቱ ስትደውል ምንም እንዳልነገራት ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም አልበላንም።

ወጥተን ስንለያይ ዮሴፍ "በቀኝ አስፍቼ ብዞር ሜዳውን ሳልስት ማየት እችላለሁ" አለ። አንድ ተሸነፈልኝ!

ረቡዕ

ከብቶቹ እስካሉ ፓይለቶቹ ዝቅ ብሎ ማለፉን አይተዉም። ስለዚህ በእግሬ ወደ ኦቦ ጃርሶ ሄድኩ። የመንጋዎቹን የውሃ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። የውሃው ጉድጓድ፣ ኤላው፣ ከሜዳው ማዶ ነው፤ ከብቶቹ የሚያቋርጡትም ለዚያ ነው።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ? እንዴት አደርሽ? የዚያ የጦር ሰፈሩ ወታደር ልጅ አይደለሽም?" አሉኝ።

"ናጋ፣ ደኅና፣ ኦቦ። አዎ፣ ነኝ።" የሰኞውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የራሴንም ጥፋት ጭምር።

ሰምተውኝ ሲያበቁ "ኤላ ላይ አንዱ መንጋ ጠጥቶ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ርቆ ይቆማል። መግቢያ ሌላ፣ መውጫ ሌላ። እናንተ ጋ ተራ የሚሰጥ ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ አለመጋጨታችሁ ነው የሚገርመው!"

አፈርኩም፣ ሳቅኩም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ውሃ በጠፋበት ዓመት ተራ መቀየር ቀላል እንዳልሆነ፣ ሽማግሌዎችን ማነጋገር እንዳለባቸው ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ላኩልኝ፤ ከቦሩ፣ ማለት ከነገ ጀምሮ፣ መንጋዎቹ ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ብቻ ያቋርጣሉ። እኔ በሦስት ዓመት ያላሰብኩትን በግማሽ ቀን ጨረሱት።

ሐሙስ

አንድ ገጽ ጻፍኩ።

ከብት ለማባረር ዝቅ ብሎ ማለፍ የለም።
ሁሉም በቀኝ ይዞራል።
የፊተኛው አውሮፕላን መቆሚያው ጋ ደርሶ ሳይቆም ኋለኛው ከፍ ብሎ ይጠብቃል።
ሬዲዮ ላይ ያለ ሰው ከወንበሩ አይነሳም።

የመጨረሻው ለኔ ነው።

አቶ ፍስሐ "ይህን የመፈረም ሥልጣን የለኝም" አሉ። ዳንኤልና ዮሴፍ ግን ፈረሙ። ዳንኤል እያጉረመረመም ቢሆን ፈረመ። የሦስተኛው ፓይለት የካፒቴን ሳሙኤል ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ከያቤሎ ነው የሚነሳው። ስደውል አላገኘሁትም፤ ስልኩን ላነሳው ሰው አራቱንም አስጻፍኩት። ያድርስለት፣ አያድርስለት፣ እንጃ።

ዓርብ

አምስት ሰዓት ላይ ዳንኤል ሊያርፍ ሲቃረብ፣ ዮሴፍ ከላይ ሲጠብቅ፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ፣ ስለ ተራው ያልሰማ መንጋ ማኮብኮቢያው ላይ ወጣ። እግሬ በራሱ ተነሳ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ዳንኤል፣ ከብት አለ። ከፍታህን ሳትለቅ በቀኝ ዙር።"

በቀኝ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ሳሙኤልን ያየሁት። በቀጥታ እየገባ ነው፣ ለማንም ሳይናገር። ጠራሁት። ዝም። ደግሜ ጠራሁት። ዝም። ሦስተኛው ላይ ሥልጣን እንደሌለኝ ረሳሁ፤ "አትውረድ! ሳሙኤል፣ ወደ ላይ ውጣ!" ብዬ ጮህኩ።

"ወጣሁ" አለ በመጨረሻ። መልእክቱ አልደረሰውም ነበር።

አቶ ፍስሐ ጃኬታቸውን እያውለበለቡ ከብት ሲያባርሩ በመስኮት አየኋቸው። ሜዳው ሲጸዳ ዳንኤል፣ ቀጥሎ ዮሴፍ፣ ቀጥሎ ሳሙኤል፣ አንድ በአንድ አረፉ። ሳሙኤል ገጹን ቆሞ አነበበና ፈረመ።

አቶ ፍስሐ አቧራ ለብሰው ገቡ። ከአዲስ አበባ ስለ ሪፖርቴ ተደውሏል። ሰኞ ለጥያቄ እፈለጋለሁ፤ ተመልሼ ልምጣ አልምጣ እሳቸውም አያውቁም።

"አንቺ ስትሄጂ እዚህ ማንን ላስቀምጥ?" አሉኝ።

"የፈለጉትን ሰው" አልኳቸው። "ብቻ ላም ቢመጣ እንዳይነሳ ይንገሩት።"