ቁልፍ የማትጠይቀው መኪና

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ቀድማኝ ነቃች። ገና በረንዳውን ሳልወርድ መስታወቶቿ ተዘረጉ፣ ከበሩ ሥር መሬቱ ላይ ክብ ብርሃን ወደቀ። የውስጡ መብራትስ! ቦግ ብሎ ዓይን አይወጋም፤ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ በሩ ሲዘጋ ቀስ እያለ ይከስማል። ማስታወሻዬ፣ ከካምፓላ በመጣች ያገለገለች መኪና እንዲህ ስሽቀረቀር ታዝበሽኝ ይሆናል። ታዘቢ። ስንት ዘመን በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ላይ፣ ሽንኩርት ታቅፌ ጁባ አማራት ሰፈር ያለው ምግብ ቤቴ ድረስ የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ይገባኛል።

አባባ በረንዳው ላይ ሆነው ያያሉ። ከአዳማ ከመጡ ጀምሮ ከሻይ ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የነዱ ሰው። እናቴ ካለፈች ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸውም ተቆጥቧል። አዳማ፣ ወንድሜ ቤት፣ በር ላይ ወንበር ይወጣላቸዋል፤ አላፊ አግዳሚ ሲያዩ ይውላሉ።

የመመለሻ ትኬታቸው ለጥር 28 ነው። እዚሁ እንዲቀሩ እፈልጋለሁ። በጣም። ትናንት እራት ላይ ነገርኳቸው። እዚህ ምን ልሠራ፣ የማንም ሸክም አልሆንም አሉ። በዚያው ተዘጋ።

ሰኞ፣ ጥር 18። ከሰዓት

አባባ መኪናዋ ውስጥ ገቡ። በራሳቸው ጊዜ። ገበያ ልሄድ ስል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው? መሪው ሥር በጣታቸው መዳሰስ። የቁልፉን ቀዳዳ ፍለጋ። የለም አልኳቸው። ሪሞቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ መኪናዋ ሽታውን ታውቃለች፤ ፍሬን ረግጦ የማስነሻውን በተን መጫን ብቻ። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ይናገራል።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለሌላ አልናገርም። ወንድሜ ፒክአፑን እንዳይነዱ የከለከላቸው በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ጭረት አይቶ ነው። እጃቸው እየሳተ፣ ቁልፉ ፕላስቲኩን ሲቧጥጠው ከርሟል። ጭረቱን በጣቱ አሳያቸው። ቁልፉን አውጥተው ሰጡት፣ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አንስተው አያውቁም።

ወርጄ በእኔ ቦታ ይቀመጡ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ለመንኳቸው። ተቀመጡ። እግራቸው ፍሬኑን ወዲያው አገኘው፤ እግራቸው ድሮም አይንቀጠቀጥም። ጣታቸው ግን ወዲህ ወዲያ አለ። በተኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን ሰፊ ነው፣ የትኛውንም ጎኑን ቢነኩት ይሰማል። ተነሳች።

ሞተሩን አዳመጡ። ከዚያ፣ ጤነኛ ናት አሉ። ፊቴን አዙሬ የጎማ ንፋስ የማይ መሰልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አሁን ከእኔ ቀድመው ይነሳሉ። ሻይ ሳፈላ ሪሞቱን ከቦርሳዬ ወስደው ሞተሩን ሲያስነሱ እሰማለሁ። አይነዱም፤ ያሞቋታል፣ ይወለውሏታል፣ ከዚያ ወንበሩን ለእኔ ይለቃሉ።

ጓዳ ጎድጓዳዋን ከእኔ ይልቅ ያወቋት እሳቸው ናቸው። ጣሪያው ላይ፣ ጫን ሲሉት ቀስ ብሎ የሚወርድ የመነጽር ቤት። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ውሃ የሚያቀዘቅዝ ሣጥን (በጁባ ሙቀት! ተባረኪ)። የኋላው ወለል ሲነሳ ሌላ ወለል። ዛሬ ደግሞ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር መሳቢያ ስበው አወጡ። ስገዛት ማንም አልነገረኝም። ውስጡ የማላውቀው ሰው የጃፓን ማበጠሪያ። በእሳቸው ዘመን የሹፌር ዕቃ ሁሉ ከወንበር ኋላ ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጠቅ እንደነበር አወሩኝ። አወሩኝ! ከአማራት እስከ ገበያ ድረስ።

ገንዘብ ተቀባዬ አቾል ስም አወጣችላቸው፣ ጋሼ ስታርተር። አቾል ጁባ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስትቀልድ እኔን ታስከነዳኛለች። አባባ ጥርሳቸው ታየ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ማታ 1 ሰዓት

ከፍቶኛል። የመቅረቱን ነገር እንደገና አነሳሁ። የመኪናዋን ሥራ እንደያዙልኝ፣ እንደሚያስፈልጉኝ ነገርኳቸው። መኪና ለማስነሳት ሰው አይቀጠርም አሉ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ለማጫወት እንደሚሰጥ ጥሩምባ አስመሰልኩት መሰለኝ። አበላሸሁት።

መብራት የለም። ጄነሬተሩም አኩርፏል። አባባ ዳዊታቸውን ይዘው መኪናዋ ውስጥ ገብተዋል፣ በጣሪያዋ ትንሽ መብራት ይደግማሉ። ብርሃኑ መጽሐፉ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። ጃፓኖቹ ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ አስበው ይሆን? በመስኮት እያየኋቸው ነው የምጽፍልሽ። ሻማዬ

እሑድ፣ ጥር 24። ከሰዓት 11 ሰዓት

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ልዘርዝረው።

ለቤ/ክ ስወጣ ቦርሳ አልያዝኩም፣ በሞተር የሚነጥቁ በዝተዋል። ቀሚሴ ኪስ የለውም። እናቴ ሳንቲም እንደምትቋጥረው ሪሞቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ።

ከቤ/ክ መልስ አቾልን ከምግብ ቤቱ ይዘን ጀበል ሰፈር አደረስናት፣ አባባ ከጎኔ፣ አቾል ከኋላ። የጸጉር ቤቷ አልማዝ እናቷ አርፈውባት ለቅሶ ላይ ናት። እኔ ትናንት ደርሻለሁ፤ አቾል ስታግዛት ልትውል ነው። ከሥራ ተነስታ ስለመጣች ነጠላ የላትም፣ ባዶ ትከሻ ደግሞ ለቅሶ ቤት አይገባም። ሞተሩን ሳላጠፋ የራሴን አውልቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ፣ አለበስኳት። ገባች። መኪናዋ ቲት ቲት ቲት አለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ የጃፓን ጽሑፍ ብልጭ አለ። አባባ፣ አንድ ነገር ቅር ብሏታል አሉ። ቀበቶ ነው ብዬ ነዳሁ። እንዴት ያለች ታዛዥ ናት፣ ቅር ብሏትም ሄደች።

ነዳጅ ማደያ ተሰልፈን ተራችን ደረሰ። እዚያ ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው። አጠፋሁ። ተቀዳልን። በተኑን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ። ዝም። ያን ጊዜ ባዶ ትከሻዬን ነካሁ።

አቾል ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም፤ ለቅሶ ቤት ማን ስልክ ያነሳል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ክላክሱን አቀለጠው። ማርሹ ተቆልፏል፣ መግፋትም አይቻል። ግዙፍ ፖሊስ መጣና ሙፍታ ወይን አለኝ፣ ቁልፉ የት አለ ማለቱ ነው። ማፊ አልኩት፣ የለም። የሰረቅኳት መሰለው። ሊያስጎትታት ስልኩን አወጣ። አልቅሼ ነበር።

አባባ ወርደው ጨበጡት። በአረብኛ! የአሰብ ወደብ አረብኛቸው፣ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ዝም ያለው፣ ወጣ። ለእኔ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ ሂጂ። በቦዳ ጀበል በረርኩ።

አቾል ቋጠሮውን ዳስሳዋለች። የሐዘን ገንዘብ መስሏት፣ የሰው ቋጠሮ መፍታት ነውር ብላ እንዳለ ትታዋለች። አልማዝ ቤት ሌላ ነጠላ አገኘንላት፣ የእኔን ከነቋጠሮው ይዤ ተመለስኩ።

ስመለስ፦ አባባ መሪው ጋ፣ ፖሊሱ በእኔ... አይ፣ በአባባ ወንበር ላይ። ነዳጅ ቀጂው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ። ፖሊሱ ቀዝቃዛ ውሃችንን ይጠጣል። አባባ አንድ በአንድ ያሳዩታል፤ ይህ የመነጽር፣ ይህ መሳቢያ፣ ይህ መብራት ሲነኩት ይደምቃል። ፖሊሱ መሳቢያውን ራሱ ሳበው፣ መለሰው፣ እንደገና ሳበው። አቡይ ይላቸዋል፣ አባቴ። ሰልፈኛው እየተሳደበ በሌላው ቀጂ ዞሯል።

ነጠላውን ከነቋጠሮው ሰጠኋቸው። ጭናቸው ላይ አኖሩት፣ በተኑን ተጫኑ። እጃቸው እንደ ሁልጊዜው ተንቀጠቀጠ። ያየ ሰው የለም። ሁሉም ሞተሩን ነበር የሚያዳምጠው።

መንገድ ላይ፣ ሪሞቱን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምይዘው አሉ። ልቤ ዘለለ። ቀጠሉ፣ እስከ ሐሙስ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ፖሊሱ ምሳ ሊበላ መጣ። ጓደኛውን አስከትሎ። አቡይ የታሉ አለ። መኪናዋን ሊያሳየው ነው። አባባ አስጎበኟቸው፣ ወጡ በረደባቸው።

ማታ ወንድሜ ደወለ፣ ከኤርፖርት ማን እንደሚቀበላቸው ሊነግራቸው። ስልኩን ይዘው ግቢ ወጡ። ቆዩ። ምን እንዳሉት አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሸሚዞቻቸውን አጥቤ ተኮስኩ። እየተኮስኩ አለቀስኩ። አልለምናቸውም፣ ወስኛለሁ። በራሳቸው እግር መጥተዋል፣ በራሳቸው ይሂዱ።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠዋት 2 ሰዓት

በረራው 6 ሰዓት ነው። ቁሜ ነው የምጽፍልሽ።

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ሻንጣቸውን ላወጣላቸው ክፍላቸው ገባሁ። አልጋው ተነጥፏል። ሻንጣው አልጋው ላይ። ሳነሳው ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር፣ ክብደት የለውም። ከፈትኩት። ባዶ።

ደነገጥኩ። ሮጬ ወጣሁ። በተለመደው የተሳፋሪ ወንበር ተቀምጠዋል፣ የእኔ በር ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ጣሪያው ላይ መነጽራቸው። መሳቢያው ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒታቸው፣ ምላጫቸው፣ የእናቴ ፎቶ። ዳዊቱ የበሩ ኪስ ውስጥ። የኋላውን ወለል አነሳሁት፣ የተኮስኳቸው ሸሚዞች ተደርድረዋል። ካልሲ ሳይቀር።

አባባ፣ አልኩ። ቲማቲሙ ሳያልቅ ገበያ እንድረስ አሉ።

ቦርሳዬን ላምጣ ብዬ ገባሁ፣ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው። ቁም ሣጥኑን ዛሬ አስጠርግላቸዋለሁ፣ ሸሚዝ መኪና ውስጥ አይኖርም። ወንድሜ ጋ ደግሞ እኔ ራሴ

ክላክስ እያደረጉ ነው። መጣሁ