በእህታቸው ስም የተመዘገበው የአቶ ጋቭሪል ሱቹ መሬት

አቶ ጋቭሪል ሱቹ ከአባታቸው ከአቶ ቶማ ሱቹ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራፊላ፣ በሙሬሽ ወንዝ ዳር በምትገኘው በፕሩንዴኒ መንደር፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1926 ተወለዱ። ይህን በቀብራቸው የሚነበብ የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ቬቱሪያ ነኝ። ልጃቸው ኮርኔሊያ ከጣሊያን የገባችው ትናንት ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቃቸው ሌላ ሰው በሕይወት ስለሌለ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። መሪጌታ ፓቬል እንዳለ እንዲያነቡልኝ፣ አንድም ቃል እንዳያወጡ ለምኛቸዋለሁ።

አቶ ጋቭሪል በመንደራችን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። መምህሩ ይቀጥል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ለእርሻው ሥራ ተፈለጉ። አባታችን በ1942 በዶን ወንዝ ጦር ሜዳ ቀሩ፤ እናታችንም በድርቁ ዓመት፣ በ1946፣ በተስቦ አረፉ። ለአቶ ጋቭሪል በሃያ ዓመታቸው አሥር ሄክታር መሬት፣ ሁለት ፈረስና የአሥራ ሦስት ዓመት እህት ቀረላቸው። ፀጉሬን የሚጎነጉኑልኝ እሳቸው ነበሩ። እጃቸው የለመደው የፈረስ ጭራ ነውና ዓይኔ እስኪጠብ ያጠብቁት ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች ይስቁብኛል፤ እሳቸው ግን በሥራቸው ይኮሩ ነበር።

በ1949 ወይዘሮ ሳቬታን አገቡ፤ ሊቪዩና ኮርኔሊያ ተወለዱላቸው። ያ ጊዜ ገበሬው ለመንግሥት በግዴታ እህል የሚያስገባበት የኮታ ጊዜ ነበር። ብዙ መሬት ያለው ብዙ እህል ይጣልበታል፤ ከዚያም ካለፈ በዝባዥ ተብሎ ይመዘገባል፤ የበዝባዥ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ስለዚህ አቶ ጋቭሪል በ1952 የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ መሬታቸውን ለዘመድ በወረቀት አካፈሉ። የወንዙን ዳር አራት ሄክታር፣ ከሁሉ የሚሻለውን ጥቁር አፈር፣ ለጋብቻዋ የተሰጣት ነው ብለው በእኔ ስም አስመዘገቡት። ከማዘጋጃ ቤቱ ስንወጣ «አንቺ ልጅ፣ ባለ ርስት ሆንሽ፤ እንግዲህ ባል አማርጪ» ብለው ቀለዱብኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለወረቀቱ ነው፤ ይህ ጊዜ ሲያልፍ ትመልሽልኛለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምስክር አልጠራንም፤ በወንድምና በእህት መሃል ምስክር ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ማታለሉ አሥር ዓመት አገለገለ። በ1962 መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ካድሬዎቹ ትንሹንም ትልቁንም ወደ አምራቾች ማኅበር አስገቡት። አቶ ጋቭሪል አልፈርምም ብለው ስድስት ቀን በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ተቆለፈባቸው። ሲወጡ ፈርመዋል፤ ሁለት ጥርሳቸውም የለም። ፈረሶቹን ራሳቸው ስበው አስረከቡ። በዚያው ዓመት፣ ትራክተር መጥቷል፣ ፈረስ ድርቆሽ ይፈጃል ተብሎ፣ ሁለቱም ለእርድ ተነዱ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ በማኅበሩ የላም በረት ሠሩ። እኔ ደግሞ በዚያው በወንዙ ዳር መሬት ላይ ለማኅበሩ ድንች ስኮተኩት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀረው።

በ1989 ታኅሣሥ መንግሥቱ ወደቀ፤ በ1991 መሬት ለባለቤቱ ይመለስ የሚል ሕግ ወጣ። ኮሚቴው የሚያምነው የድሮውን መዝገብ ነበር፤ መዝገቡም የዋሸነውን ይዞ ጠበቀን። ለአቶ ጋቭሪል ስድስት ሄክታር፣ ለእኔ አራት ተባለ። በዚያ እሁድ አዲስ ባርኔጣ አድርገው፣ የፕለም አረቄ ይዘው ቤቴ መጡ። «በይ እንግዲህ ቬቱሪያ፣ ነገ ወርደን እንፈራረም» አሉኝ። ባለቤቴ አውጉስቲን አቀርቅሯል። ልጄ ዶሪን ፋብሪካው ተዘግቶበት ቤት ውሏል። «ጋሼ፣ መዝገቡ የሚለው የእኔን ስም ነው» አልኳቸው። ባሌ አስገድዶኝ ነው ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ውሸት ነው። ወገቤ የጎበጠበት መሬት ስለሆነ የእኔ መሰለኝ፤ ፈለግሁትም። አቶ ጋቭሪል አረቄውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ሰዎች ይክሰሷት ሲሏቸው «እህቴን ዳኛ ፊት አላቆምም» አሉ። እኔን ማነጋገር ግን ተዉ፤ ሃያ ሰባት ዓመት። ምድር ቤት የቆለፈባቸውን ካድሬ እንኳ፣ ሁለቱም ካረጁ በኋላ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉት ነበር። ለእኔ አይነሣም። በ1996 ባለቤታቸውን፣ በ2003 ልጃቸውን ሊቪዩን ቀበሩ፤ በሁለቱም ቀን ከሰው ኋላ ቆሜያለሁ። ኮርኔሊያ የሰው እናት ልታስታምም ጣሊያን ሄደች። የቀራቸውን ስድስት ሄክታር የሚያርስ ጠፍቶ እሾህ ለበሰ።

ለአራቱ ሄክታር በ2009 ዶሪን ገዢ አገኘ፤ እኔ ፈረምኩ። በገንዘቡ ስፔን ገባ፤ ስልክ የሚደውልልኝ ለፋሲካ ነው። የገዙት ሰዎች ለመንገድ ሥራ ጠጠር አወጡበት። ዛሬ እዚያ ያለው አጥር የተበጀለት፣ ውሃ የተኛበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ልመልስ ብል የምመልሰው ነገር የለኝም፤ አንዳንድ ቀን ሄጄ አጥሩ ሥር እቆምና እመለሳለሁ።

አቶ ጋቭሪል በዚህ ዓመት በጥር ወር ሳንባቸውን ታመሙ። ጎረቤታቸው ሊና ታስታምማቸው ነበር። የካቲት 6 ቀን ሾርባ ይዤ ገባሁ፤ ከ1991 ወዲህ ደጃቸውን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። አውቀውኛል፤ አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። «ሊና፣ እንግዳ መጥቷል፤ ወንበር ስጪ» አሉ። ለማያውቁት መንገደኛ የሚሉትን ነው ያሉኝ። እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የካቲት 9 ቀን 2018 ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ አረፉ።

አቶ ጋቭሪል አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሕመምና ሲቃ በሌለበት፣ ማንም መሬታቸውን በማይቀማቸው ስፍራ ያሳርፍልን።

አሁን እንደ ልማዳችን መሪጌታ ፓቬል በሟች አፍ ሆነው ዘመድ ጎረቤቱን በየስሙ እየጠሩ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» ይላሉ። ስሞቹን የመጻፉን ሥራ የሰጡት ለእኔ ነበር። ኮርኔሊያን ጻፍኩ፤ የልጅ ልጃቸውን ጻፍኩ፤ ሊናን፤ የዚያን ካድሬ ልጆች ሳይቀር ጻፍኩ። መሪጌታ ወረቀቱን አይተው «እማማ ቬቱሪያ፣ የእርስዎስ? ይጻፉት እንጂ፤ ማን ይከለክልዎታል?» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። ወንድሜ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላሉትን ቃል፣ መከልከል በማይችሉበት ቀን በአፋቸው አላስገባም። ስማችሁ ሲጠራ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉ፤ የእኔ አይጠራም።